ከኤሌክትሮዱ የሚቀድመው ጥያቄ

በሐምሌ 2023 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሐኪሞች የአንድ የ45 ዓመት ሰው የራስ ቅል ከፍተው አንጎሉ ላይ 256 ኤሌክትሮዶች (የአንጎልን የኤሌክትሪክ ምልክት የሚቀበሉ ጥቃቅን መሣሪያዎች) ተከሉ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሰውየው ኤ.ኤል.ኤስ የሚባለው፣ ጡንቻን የሚያዙ ነርቮችን ቀስ በቀስ የሚገድለው በሽታ ይዞታል። እጅ እግሩ ከድቶታል። አፉን ቢያንቀሳቅስም የሚለውን የሚረዱት የለመዱት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከቀዶ ሕክምናው 25 ቀን በኋላ መሣሪያው ተከፍቶ ሊናገር ሲሞክር ቃላቱ ስክሪን ላይ ተጻፉ። ሰውየው አለቀሰ። በቀጣዮቹ ወራት 125,000 ቃላት ካሉት መዝገብ ውስጥ የሚፈልገውን ቃል መሣሪያው በ97.5 በመቶ ትክክለኛነት እያወጣለት ከቤተሰቡና ከወዳጆቹ ጋር ማውራት ቻለ። ኮምፒውተሩ ጽሑፉን የሚያነብለትም በራሱ ድምፅ ነው፤ ድምፁ የተሠራው ሕመሙ ሳይጠናበት ከተቀዳ ንግግሩ ነው።

እንዲህ ያለ ዜና እኛ ዘንድ ሲደርስ ስሙ ብዙ ጊዜ «ሐሳብ የሚያነብ ቺፕ» ይሆናል፤ ተከትሎ የሚመጣው ጥያቄም «ለእኛስ መቼ?» የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ግን ከእሱ የሚቀድም አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ። ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ወይም ሐረር ጁገል ውስጥ አንድ ሰው አልጋ ላይ ተኝቶ የሚባለውን ሁሉ እየሰማ፣ እያሰበ፣ እያስታወሰ፣ አንዲት ቃል ማውጣት ግን ሳይችል ቢገኝ፣ ነቅቶ እንዳለ የሚያውቅለት ማነው? ለዚህ ጥያቄ መልስ ከሌለን መሣሪያው ነገ ጠዋት በነፃ ቢመጣም የሚተከልለት ሰው አናገኝም፤ ምክንያቱም ሰውየው «ምንም አያውቅም» ተብሎ ተዘግቶበታል።

ስትሮክን አብዛኞቻችን የምናውቀው አንድ ጎን ይዞ ሲያስቀር ነው። የከፋውና ብዙም የማይነገርለት የአንጎል ግንድን የሚመታው ነው። የአንጎል ግንድ ከአንጎል ወደ አከርካሪ የሚወርደው ትእዛዝ በሙሉ የሚያልፍበት ጠባብ ቦታ ነው። እዚያ ያለ የደም ሥር ሲደፈን ወይም ሲፈነዳ የእጅ፣ የእግር፣ የምላስ፣ የጉሮሮ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሊቆረጥ ይችላል። ማሰብና ማስታወስ የሚካሄዱት ከዚያ በላይ ስለሆነ ይተርፋሉ፤ መስማትም ብዙ ጊዜ አይነካም። ብዙ ጊዜ ሳይነካ የሚቀረው እንቅስቃሴ ዓይንን ወደ ላይና ወደ ታች ማድረግ፣ እንዲሁም ዓይንን መጨፈንና መክፈት ነው። ፍሬድ ፕለም እና ጀሮም ፖስነር የተባሉ አሜሪካውያን ሐኪሞች በ1966 ይህን ሁኔታ ሎክድ-ኢን ሲንድሮም ብለው ሰይመውታል፤ በውስጥ የተቆለፈ ሰው ማለታቸው ነው። መነሻው ስትሮክ ብቻ አይደለም። ኤ.ኤል.ኤስ በመጨረሻው ደረጃው እዚያ ሊያደርስ ይችላል፤ ጊላን-ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ደግሞ ለጊዜው እዚያ አድርሶ ሊመልስ ይችላል። ያልታከመ የደም ግፊት ግን ዋነኛው የስትሮክ መንገድ ነው፤ ጫት ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ እንደሚያደርግ ስለሚታወቅ፣ አወዳይን በመካከላቸው ይዘው የሚኖሩት ሁለቱ ከተሞቻችን ግፊት መለካትን ቀላል ነገር አድርገው ሊያዩት አይገባም።

ፈረንሳይ ውስጥ የዚህ ሁኔታ ተጠቂዎች ማኅበር አለ። ከአባላቱ 44 ሰዎች መረጃ ተሰብስቦ ሲታይ ሁኔታው በትክክል እስኪታወቅ በአማካይ ከሁለት ወር ተኩል በላይ ፈጅቷል። ይህን ጊዜ ሁሉ ሰዎቹ እየሰሙ ነበር። ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ደግሞ መንቃታቸውን መጀመሪያ የደረሰበት ከቤተሰብ አንዱ እንጂ ሐኪሙ አልነበረም። ፈረንሳይ የነርቭ ሐኪም የሞላበት አገር ነው። ከሐረር አዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ምርመራ የሚፈልጉ ቤተሰቦች ባሉበት በእኛ አካባቢ የቤተሰብ ዓይን ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከዚህ መገመት ይቻላል።

በዚህ ረገድ ሀብት አለን፤ ችግርም አለብን፤ ሁለቱም የሚገኙት እዚያው አንድ ክፍል ውስጥ ነው። እዚህ በሽተኛ ብቻውን አይተውም። ዘመድ ይመጣል፣ ጎረቤት ይመጣል፣ የአፎቻው፣ የመረዳጃ ማኅበሩ፣ ሰው ይመጣል፤ ሌሊት በተራ ይታደራል። የሰውን ዓይን ቀንም ሌሊትም የሚያይ ይህን ያህል ሰው የትኛውም ዘመናዊ ሆስፒታል የለውም። ግን በዚያው ክፍል፣ በዚያው አልጋ ዳር፣ «አሁን እሱ ምን ያውቃል ብለህ ነው» ይባላል። ስለ መድኃኒቱ ዋጋ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ አንዳንዴም ስለ ቀብሩ ይወራል። ሰውየው ነቅቶ ከሆነ ይህን እየሰማ መልስ መስጠት አለመቻል ምን ዓይነት ሥቃይ እንደሆነ ማሰብ ይከብደኛል። ሰው መንቃቱ እስኪጣራ ድረስ እንደሚሰማ ተቆጥሮ ይወራ የምለውም ለዚህ ነው። ይህ ገንዘብ አይጠይቅም።

ማጣራቱም ከባድ አይደለም፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል። «እማዬ፣ የምልሽን ከሰማሽ ወደ ላይ እዪ» ይባላል። አንድ ጊዜ ማየት በቂ አይደለም፤ ዓይን በራሱም ይንቀሳቀሳል፣ ሰውም ተስፋ ሲያደርግ ያላየውን ያያል። ስለዚህ መልሱ የታወቀ ጥያቄ ይጠየቃል፤ ከዚያ ያው ጥያቄ ተገልብጦ ይደገማል። «ልጅሽ ነኝ?»፣ ቀጥሎ «እህትሽ ነኝ?»። ሌላ ሰውም በሌላ ሰዓት ይሞክራል፤ ምክንያቱም በመድኃኒት የደነዘዘ ወይም የደከመ ሰው ጠዋት ያልመለሰውን ማታ ሊመልስ ይችላል። ማየት የሚሳነው ወይም ዓይኑን ለመክፈት የሚቸገር ሰውም አለና ሌላ የቀረ እንቅስቃሴ፣ የጣት፣ የቅንድብ፣ የከንፈር ጫፍ ይፈለጋል። ያየነውን ነገር ለሐኪሙ መንገር ነው፤ በስልክ ቪዲዮ ቀርጾ ማሳየት ደግሞ ከመንገር ይበልጣል።

ወደ መሣሪያው ልመለስ፤ ብዙ የተዛባ ነገር የሚነገረው ስለ እሱ ነውና። ዴቪስ ያለው መሣሪያ ሐሳብ አያነብም። የሚያነበው የመናገር ሙከራን ነው። ሰው «ውሃ» ለማለት ሲሞክር ከንፈርን፣ ምላስን፣ መንጋጋንና ጉሮሮን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ትእዛዙን ያወጣል፤ ትእዛዙ መንገድ ላይ ተቆርጦ ጡንቻው ጋ ባይደርስም አንጎል ውስጥ ግን ተፈጥሯል። ኤሌክትሮዶቹ ይህን የኤሌክትሪክ ምልክት ይቀበላሉ። ፕሮግራሙ በየ80 ሚሊ ሰከንዱ ይህ ምልክት የትኛው ድምፅ ሊሆን እንደሚችል ይገምታል፤ እንግሊዝኛን ወደ 39 ድምፆች ከፍለውታል። ከግምቶቹ ደግሞ ሌላ ፕሮግራም፣ ቋንቋውን ከብዙ ጽሑፍ የተማረ፣ ትርጉም የሚሰጠውን የቃላት ተርታ ይመርጣል። ኔትወርክ እየተቆራረጠ ስልክ የምናናግረውን ሰው ግማሹን ሰምተን ግማሹን ከንግግሩ አካሄድ እንደምንሞላው ማለት ነው። የመሣሪያው ግማሽ ጉልበት ያለው ኤሌክትሮዱ ላይ ሲሆን ግማሹ ያለው ቋንቋውን በማወቁ ላይ ነው፤ ይህን ነጥብ ወደ አማርኛ ስንመጣ እንፈልገዋለን።

ታሪኩ ረጅም ነው። ጀርመናዊው ሐኪም ሃንስ በርገር የሰውን አንጎል የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ለመጀመሪያ ጊዜ የመዘገበው በ1924 ነው። በ1988 ፋርዌል እና ዶንቺን የተባሉ ተመራማሪዎች 36 ሳጥኖች ያሉት የፊደል ሠንጠረዥ ኮምፒውተር ላይ እያብለጨለጩ፣ ሰውየው ልቡን የጣለበት ፊደል ሲበራ አንጎሉ የሚሰጠውን ምላሽ ይዘው ቃል ማስጻፍ ቻሉ፤ ቀዶ ሕክምና የለውም፣ ራስ ላይ የሚጠለቅ ኮፍያ ብቻ ነው፣ ግን በጣም ዘገምተኛ ነው። ፍጥነቱ የመጣው ኤሌክትሮዱ ከራስ ቅል በታች ሲገባ ነው። በ2021 በሳን ፍራንሲስኮ በስትሮክ ንግግሩን ያጣ ሰው በ50 ቃላት መዝገብ በደቂቃ 15 ቃላት ገደማ አወጣ። በዚያው ዓመት ስታንፎርድ ላይ ሌላ ሰው በእጁ እንደሚጽፍ እያሰበ በደቂቃ 90 ፊደላት ጻፈ። በ2023 ሁለት ቡድኖች በተመሳሳይ ቀን ባወጡት ሥራ በደቂቃ 62 እና 78 ቃላት ደረሱ። አንዱ በ50 ቃላት ተወስኖ ከነበረበት ወደዚህ የተደረሰው በሁለት ዓመት ነው።

በዜና ስሙ ከሁሉ በላይ የሚነሣው ኒውራሊንክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ 1,024 ኤሌክትሮዶች ያሉትን መሣሪያ በጥር 2024 ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ላይ ተክሏል፤ መጀመሪያ የተተከለለት ሰው በሐሳቡ የኮምፒውተር ጠቋሚ ያንቀሳቅስ ነበር፣ ከቀጫጭኖቹ ክሮች የተወሰኑትም በኋላ ከቦታቸው ተንሸራተዋል። ሲንክሮን የተባለው ደግሞ የራስ ቅል ሳይከፍት በአንገት ደም ሥር አሳልፎ ያስገባል። ሁሉም ገና ሙከራ ናቸው።

አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ሳይንሱ ራሱ ተሰናክሏል። ዓይናቸውንም እንኳ ማንቀሳቀስ ካቃታቸው ሰዎች ጋር በ«አዎ» እና «አይ» ተግባብተናል የሚል የ2017 ጥናት ከፍተኛ ተስፋ ከፈጠረ በኋላ፣ በ2019 ጉድለት ተገኝቶበት ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ከዚያው ቡድን የመጡ ተመራማሪዎች በ2022 እንዲህ ያለ አንድ ሰው በተተከለለት መሣሪያ ቃላት መመሥረት እንደቻለ አሳይተዋል፤ ፍጥነቱ በደቂቃ አንድ ፊደል ገደማ ነው። ሰውየው በዚያች ፍጥነት ሾርባና ቢራ አዘዘ፣ ለትንሽ ልጁም እንደሚወደው ጻፈለት። እኔ በደቂቃ 78 ቃላት ከሚለው ዜና ይልቅ ይህኛው የበለጠ ይነካኛል። ያቺ አንዲት ፊደል ለመምጣት አንድ ደቂቃ ብትፈጅም ዋጋ አላት፤ ይህን ካመንን እኛም ዛሬ የምንሠራው አለ።

አሁን አማርኛ ላይ። መሣሪያውን ለአማርኛ ተናጋሪ የሚያዘጋጅ ቡድን ቢነሣ መጀመሪያ የሚገጥመው ችግር ድምፆቹ ናቸው፦ ጠ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ እና ቀ እንግሊዝኛው ላይ የሉም፤ ስለዚህ ለእነሱ አዲስ ሥልጠና ያስፈልጋል። ማጥበቅና ማላላትም አለ። «አለ» ጠብቆና ላልቶ ሁለት የተለያየ ነገር ይናገራል፤ ጽሑፋችን ግን ልዩነቱን አያሳይም፤ ስለዚህ ከጽሑፍ ብቻ የተማረ ፕሮግራም አያየውም። ከዚህም የሚከብደው የቃላቱ ብዛት ነው። «አልነገረችኝም» አንድ ቃል ናት፤ ማን እንዳልተናገረ፣ ለማን እንዳልተነገረ፣ አሉታውም ሁሉ እዚያችው ውስጥ አለ። ከአንድ ግሥ የሚወጣው ቃል ስለማያልቅ 125,000 ቃላት እንግሊዝኛን ቢሸፍኑ አማርኛን አይሸፍኑም፤ ቃሉን ከፍሎ የሚያውቅ ሞዴል ያስፈልጋል። ለምርምር ሲያገለግል የቆየው የታወቀ የአማርኛ የንግግር ስብስብ 20 ሰዓት ገደማ የተነበበ ጽሑፍ ነው፤ አንባቢ ጽሑፍ ሲያነብ ደግሞ ሰው ቤቱ እንደሚያወራው አያወራም።

ድሬዳዋ ላይ ችግሩ ይወሳሰባል። «አቦ» ሳይል ወሬ የማይጀምር የድሬ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ከአማርኛ ወደ ኦሮምኛ፣ ከዚያም ወደ ሶማልኛ ይሻገራል፤ ሐረር ላይ የሐረሪ ቋንቋ ይጨመራል። እናቱን በአንዱ፣ ጓደኛውን በሌላው ያናግራል። ለዚህ ሰው አንድ ቋንቋ ብቻ የሚያወጣ መሣሪያ ግማሹን ሕይወቱን ይቆርጥበታል። ተስፋ የሚሰጠው በ2024 ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በስፓኒሽና በእንግሊዝኛ ለሚያወራ ሰው የተሠራው መሣሪያ ነው፤ አንጎሉ ለሁለቱም ቋንቋዎች የሚጠቀመው ትእዛዝ በአብዛኛው የጋራ ሆኖ ተገኝቷል፤ በአንዱ የተገኘው ሥልጠናም ለሌላው አገልግሏል። በሐሮማያም በድሬዳዋም ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ተማሪ ለመመረቂያ ርእስ ሲያጣ እሰማለሁ። ሰዎች ቤታቸው ሲያወሩ እንደሚያወሩት የተቀዳ፣ ፈቃድ የተጠየቀበት፣ የተደባለቀ የድሬ ንግግር ስብስብ ኤሌክትሮድ የማይፈልግ ሥራ ነው፤ መሣሪያው መጣም ቀረም ለሌላ ብዙ ነገር ይጠቅማል።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። እንደ ኤ.ኤል.ኤስ ቀስ ብሎ የሚመጣ ሕመም የተነገረው ሰው ድምፁ ሳይደክም ይቀዳ። የቴሌግራምና የዋትስአፕ የድምፅ መልእክቶች፣ ለሠርግ የተቀረጸ ምርቃት፣ ሁሉም ይቀመጥ። ስልክ ሞላ ተብሎ መጀመሪያ የሚደመሰሱት እነሱ ናቸው።

ለዛሬ የሚሆነው ግን ዓይን ነው። ፊደል ገበታችን 33 በ7 ሆኖ 231 ፊደላት ተደርድረዋል፤ ዓይኑን ብቻ ለሚያንቀሳቅስ ሰው ይህ ብዙ ነው። በድምፅ የሚገጥሙትን እናጣምር፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ እና ኸ አንድ፣ ሰ እና ሠ አንድ፣ አ እና ዐ አንድ፣ ጸ እና ፀ አንድ። 27 ቤቶች ይቀራሉ። 27 ደግሞ ለዚህ ሥራ የተመቸ ቁጥር ነው፤ ሦስት ሰሌዳ፣ በየሰሌዳው ሦስት መስመር፣ በየመስመሩ ሦስት ፊደል ይሆናል። አስታማሚው «አንደኛው ሰሌዳ? ሁለተኛው?» ይላል፤ ሁለቱም ካልሆኑ ሦስተኛው ነው። መስመሩንም ፊደሉንም እንዲሁ። ቢበዛ በስድስት ጥያቄ ቤቱ ይታወቃል። ከዚያ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ይጠየቃል፤ ሳድስ ከሁሉ ስለሚበዛ ከእሱ መጀመር ይሻላል። ብዙ ጊዜም ሙሉ ቃሉ አያስፈልግም። «ጀ»፣ ቀጥሎ «ር» ከመጣ «ጀርባሽን አመመሽ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ ዓይኗ ወደ ላይ ካለ አበቃ። ግን ግምቱ ከእሷ ፊት አይሩጥ፤ «አይ» ካለች ተመልሶ ፊደሉ ላይ መግባት ነው። ኦሮምኛና ሶማልኛ ለሚያነብ ሰው ሰሌዳው በላቲን ይሠራል። ማንበብ የማይችል አዛውንት ደግሞ በቃል የሚጠራ ዝርዝር ይበቃዋል፦ ሕመም፣ ጥማት፣ አገላብጡኝ፣ ማራገቢያውን ክፈቱ፣ ጸሎት ወይም ሶላት፣ እገሌን ጥሩልኝ፣ ሰው ይውጣልኝ። የመጨረሻዋን አትርሷት፤ ጠያቂ በሚበዛበት ቤት ትፈለጋለች።

ስልክ ያለውም የተሻለ ነገር ያገኛል። ጎግል በ2020 ያወጣው ሉክ ቱ ስፒክ የተባለ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሰውየው ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ላይ በማየት ከተዘጋጁ ሐረጎች እንዲመርጥ ያደርጋል፤ ሐረጎቹን ተጠቃሚው መለወጥ ይችላል። አፕልም በ2024 በአይኦኤስ 18 ስልኩን በዓይን ማዘዝ የሚያስችል አሠራር ጨምሯል። እነዚህ ራስ ቅል የማይከፍቱ ናቸው፤ ዓይኑ ለሚታዘዝለት ሰው ከኤሌክትሮድ በፊት የሚሞከሩትም እነሱ ናቸው።

የተተከለ መሣሪያ ስንመኝ የሚያስተካክለው ማን እንደሆነም ማሰብ አለብን። ሴኮንድ ሳይት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለዓይነ ስውራን የሠራውን የዓይን መሣሪያ ከ350 በላይ ሰዎች ተክለውት ነበር፤ ኩባንያው ገንዘብ ሲያጥረው ሥራውን አቆመ፤ ሰዎቹም ጠጋኝ የሌለው ብረት በዓይናቸው ይዘው ቀሩ። ይህ የሆነው በሀብታም አገሮች ነው። ስለዚህ አንድ ቀን ሙከራ ወደ አገራችን ቢመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ስንት ዓመት ትጠግኑታላችሁ? ቢበላሽ ማን ያወጣዋል?» መሆን አለበት።

ሌላው ፈቃድ ነው። በ2025 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ለመናገር ያልተሞከረ፣ በልብ ብቻ የተባለ ቃልም በከፊል ሊነበብ እንደሚችል አሳይተው፣ ሰውየው በልቡ የይለፍ ቃል እስኪል መሣሪያው ዝም እንዲል አድርገዋል። ቺሊ በ2021 የአንጎልን መረጃ በሕገ መንግሥቷ ጠብቃለች። እኛ አገር የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 (ይህ 2016 በእኛ አቆጣጠር ነው) ወጥቷል፤ ኢትዮጵያ በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በሚመች አማራጭ መንገድ መግባባትን ከመብት ይቆጥረዋል። ከሕጉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ቤት ውስጥ የሚደረገው ነው። ሰው አልጋ ሲይዝ ወንድም ይናገርለታል፣ ልጅ ይፈርምለታል፣ ሽማግሌ ይወስንለታል፤ ሁሉም በፍቅር። ያ ፍቅር ግን «አንተስ ምን ትላለህ?» የሚለውን ሲያስቀር ሰውየውን ሁለተኛ ጊዜ አፉን ይዘጋዋል። በአንድ የታወቀ ጥናት በውስጥ ከተቆለፉ 65 ሰዎች 47ቱ ደስተኛ ነን ብለዋል፤ የቆዩት ከአዲሶቹ ይልቅ። አጠገባቸው ቆሞ «ከዚህ ሞት ይሻላል» የሚል ጤነኛ ሰው መልሱን ከራሱ ፍርሃት ነው የሚያመጣው።

ድሬዳዋ ድል ጮራ፣ ሐረር ሕይወት ፋና የሚባሉ ሆስፒታሎች አሉ፤ የጤና ተማሪዎችም በብዛት ይሠለጥኑባቸዋል። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። መናገር የማይችል ሕመምተኛ ሁሉ ካርድ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ «አዎ የሚለው በምን ምልክት ነው?»። ሪፈር ሲጻፍ ያ መስመር አብሮ ይሂድ፤ የቀኑ ነርስ ለማታው ያስረክብ፤ ቤተሰቡም ሰውየውን ይዞ ሲወጣ ከመድኃኒቱ ጋር ይሰጠው።